«ለራሷ ደኅንነት» የሚባል የእስር ምክንያት የለም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ የፖሊስ ኃላፊ፣ ወጣት አጥፊዎችን፣ ማለትም በወንጀል ተጠርጥረው የሚያዙ ልጆችን፣ በጾታ እየለዩ ማስተናገድ አለ ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ሴት ልጅን በምሽት መንገድ ላይ ሲያገኟት ጣቢያ የሚያሳድሯት ለራሷ ደኅንነት ሲሉ መሆኑን፣ እስካሁንም ቅሬታ ያቀረበች ልጅ አለመኖሯን ተናገሩ።

ቅሬታ የለም ማለታቸው ከሁሉ ይከፋል። የ14 ዓመት ልጅ አቤት የምትለው ለማን ነው? እዚያው ላሳደራት መርማሪ ነው ወይስ «የት አምሽተሽ ነው?» ሊላት በር ላይ ለሚጠብቃት አባቷ?

ይህ «ደኅንነት» የሚሉት ቃል ሊመረመር ይገባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነፃነቱን እንደማያጣ ይደነግጋል፤ ሴት ልጅ አምሽታ መንገድ ላይ መገኘቷን ብቻ ወንጀል የሚያደርግ አንቀጽም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ውስጥ የለም። ፖሊስ ልጅቷን ለወሲብ የሚጠቀምባት ሰው አለ ብሎ ከጠረጠረ ደግሞ፣ ያው ሕግ በአንቀጽ 626 እና 627 ተጠያቂ የሚያደርገው ያንን ሰው ነው፤ እሷ ተበዳይ ናት። ታዲያ ተበዳይዋ ጣቢያ ስታድር፣ መኪናውን አጠገቧ ያቆመው ሰውዬ እንዴት ቤቱ ገብቶ ይተኛል? ለደኅንነት ከሆነ ያንኑ ጨለማ የሚያቋርጠው ወንድሟስ ለምን አይታሰብለትም? የሚጠበቀው የሴት ልጅ ጨዋነት ነው፤ ልጅቷንማ ማን አስቧት!

በጥብቅና ሥራዬ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጣቢያ፣ ስልክ ነጥቃችኋል ተብለው አብረው የተያዙ ሁለት እኩዮች አጋጥመውኛል። ልጁን በጥፊ መትተው ስለ ስልኩ ጠየቁት። ልጅቷን ግን ስለ ስልኩ የጠየቃት አልነበረም፤ «ከማን ጋር ነው የምታድሪው?» ነበር የተባለችው። ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ አንዲት ቃል አልመለሰችም። ልጁን ማምሻውን አጎቱ ፈርመው ወሰዱት፤ እሷ ግን «እናት ወይም አባት ካልመጣ» ተብላ ከአዋቂ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አደረች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው መያዝ እንዳለባቸው ያዛል።

ወንዶቹም ተበድለዋል፤ ድምፁ የጎረነነ ልጅ 18 ዓመት እንደሞላው ተደርጎ ሲመዘገብ፣ ዱላውም «ወንድ ነው ይችለዋል» ተብሎ ሲታለፍ ይታያል። ይህም ያው አድልዎ ነው። ነገር ግን የእሱን ጥፊ ቢያንስ በደል ብሎ የሚጠራው ሰው አለ፤ የእሷ እስር እንደ ውለታ ይቆጠራል።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 172 ወጣት አጥፊ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሲያዝ፣ ወንድና ሴት ብሎ አልለየም። እኚህ ኃላፊ በሚቀጥለው ውይይት ሲቀርቡ፣ «ለደኅንነቷ» ተብላ ያደረች አንዲት ልጅ የተመዘገበችበትን ገጽ፣ ከተያዘችበት አንቀጽና ካዘዘው ዳኛ ጋር ይዘው ይምጡ።