በይሉኝታ አትብሉ

ወገኖች፣ ካርቦሃይድሬት ቀንሳችሁ ለመብላት ቆርጣችሁ ትነሡና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ትተዉታላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚያስተዋችሁ ምግቡ ሳይሆን ሰው ፊት እምቢ ማለት ነው። የቤቱ እመቤት ሳህን ይዛ አጠገባችሁ ስትቆም፣ የሥራ ባልደረባ የልደት ኬክ ቆርሶ ሲያቀብላችሁ፣ «ለዛሬ ብቻ» ትላላችሁ። ማክሰኞ ስብሰባ አለ፤ ሐሙስ ልደት፣ ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ዘመድ ጥየቃ። የትኛው ቀን ነው «ዛሬ» የማይሆነው?

እስቲ ይህን «ለዛሬ ብቻ» በቁጥር እንየው። በቀን ከ50 ግራም ካርቦሃይድሬት ላለማለፍ ወስናችኋል እንበል። በአንድ የከሰዓት ስብሰባ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለበት ሁለት ሻይ ጠጣችሁ። አንድ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነውና ይህ 16 ግራም ሆነ። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ወደ 26 ግራም፣ ሁለት ብስኩት ደግሞ ወደ 15 ግራም ጨመሩ። ድምሩ 57። ምሳና እራት ሳይቆጠሩ የቀኑ ድርሻ አልቋል፤ ብትጠየቁ ግን «ሻይ ብቻ ነው የጠጣሁት» ትላላችሁ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ልካችሁን እወቁ። በቀን ከ130 ግራም በታች ሲሆን ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ይባላል፤ ከ20 እስከ 50 ግራም ያለው ጥብቁ፣ ኪቶ የሚባለው ነው። ግብዣና ስብሰባ ለሚበዛበት ሰው በየሦስት ቀኑ ከሚፈርስ 20 ግራም ይልቅ ዓመቱን ሙሉ የሚጸና 100 ግራም ይሻለዋል። በየጊዜው ጥሶ እንደገና የሚጀምር ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሕመም ደጋግሞ ይቀበላልና። አንድ ቁራጭ የዳቦ ስላይስ 15 ግራም ያህል፣ መካከለኛ ድንች 30፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ሩዝ 45 ግራም ይይዛል። እንቁላል 1 ግራም እንኳ አይሞላም።

ያ የመጀመሪያ ሳምንት ብዙ ሰውን ያሸንፋል። ሰውነት በጡንቻና በጉበት ያከማቸው ስኳር እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ክምችቱ ሲሟጠጥ ውሃው ይወጣል፤ የደም ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ሲቀንስ ደግሞ ኩላሊት ጨውን አብሮ ያስወግዳል። ራስ ምታቱ፣ ድካሙ፣ ሲነሡ ማዞሩና የእግር ቁርጥማቱ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ይህን ጊዜ የመሥሪያ ቤት ሰው «ፊትህ እኮ ገረጣ፣ ተወው ይቅርብህ» ይላል፤ እናንተም ታምኑታላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አንድ ኩባያ ጨው ያለው የሥጋ መረቅ ነበር። ንጹሕ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት የቀረውን ጨው ያቀጥነዋል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳያማክር ጨው አይጨምር።

ወደ ግብዣ ተርባችሁ አትሂዱ። ከመውጣታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ሁለት እንቁላል ከአትክልት ጋር ብሉ። ለጋባዡ በዋዜማው ደውሉ፤ ማዕድ ላይ ተቀምጦ መናገር እሱንም ያሳፍራል። ስለ ኢንሱሊን ማብራሪያ አትስጡ። «እጅግ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ከሥጋውና ከሰላጣው ግን ጨምሩልኝ» በሉ። ጋባዥ የሚደሰተው ስትበሉ በማየት ነውና ሳህናችሁን በምትበሉት ነገር ሞልታችሁ ያዙ፤ ባዶ ሳህን ነው ልመና የሚጠራው። ሐኪም ሳይከለክላችሁ «ሐኪም ከልክሎኛል» አትበሉ፤ በሚቀጥለው ግብዣ ስለ በሽታችሁ ትጠየቃላችሁ።

በሥራ ቦታ መሳቢያችሁ ውስጥ የታሸገ ዓሣና ለውዝ አይጥፋ። ለውዙን ቤት መዝናችሁ በትንንሽ ከረጢት 30 30 ግራም አድርጋችሁ አምጡ፤ ከትልቁ ፓኬት እየዘገናችሁ ከበላችሁ 100 ግራም መቼ እንዳለፈ አታውቁትም። የተቀቀለ እንቁላል ፍሪጅ ከሌለ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ምግብ ቤት ስትገቡ አስተናጋጁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ስጎው ዱቄት አለው? ስኳር ገብቶበታል? በሩዙ ፋንታ አትክልት እንዲደረግላችሁም ሳህኑ ሳይመጣ እዘዙ። ከመጣ በኋላ ሩዙን እያዩ መተው ሌላ ትግል ነው።

እናንተ ጋባዦችና አለቆችም ተግሣጹ ይመለከታችኋል። «አንዲት ቁራሽ ምን ታደርግሃለች» እያላችሁ የምትማጸኑት ሰው ስኳሩን ለማውረድ የሚታገል ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ እምቢ ያለን ሰው አራተኛ መለመን ደግነት አይደለም። ሻዩን ስኳር ሳትጨምሩ አቅርቡ፤ ስኳሩ ለብቻው ይቀመጥ። ስብሰባ ላይ ከብስኩቱ ጎን እንቁላልና ለውዝ ይኑር።

ከሁሉ በላይ መድኃኒት የምትወስዱ ስሙ። ኢንሱሊን፣ ወይም ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ የተባሉትን የስኳር ሕመም ኪኒኖች እየወሰደ በድንገት ዳቦ የተወ ሰው የመድኃኒቱ መጠን ካልተስተካከለለት የደም ስኳሩ ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ሊወርድ ይችላል። ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ግራ ይጋባል። ያን ጊዜ አመጋገቤ ተበላሸ ብሎ ማሰብ የለም፤ 15 ግራም ስኳር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የተባሉትን ሌሎች የስኳር ሕመም ኪኒኖች የሚወስድ ደግሞ ስኳሩ እምብዛም ሳይጨምር ደሙ ስብ ሲቃጠል በሚፈጠረው አሲድ፣ በኬቶን፣ ሊመረዝ ስለሚችል፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣን ትንፋሽ ከመጣ ሳይዘገይ ሆስፒታል ይሂድ። የግፊት ኪኒን ለሚወስዱ ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። እነዚህ ሁሉ፣ እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶችም፣ ሳይጀምሩ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ከጣሳችሁም ሰኞን አትጠብቁ፤ የሚቀጥለው ማዕድ ላይ ተመለሱ። ራሳችሁን ለመቅጣት ቁርስና ምሳ አትዝለሉ፣ ማታ ተርባችሁ ወደ ሌላ ኬክ ትደርሳላችሁና። ለሦስት ቀን ያህልም ሚዛን ላይ አትውጡ። በአንድ ሌሊት ተመልሶ የምታዩት ኪሎ በአብዛኛው ያው የወጣው ውሃ ነው።