ቁመትህ ስንት ነው?

እሁድ ለት ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቶናው ላይ እትዬ ድንገት «የኔ ልጅ፣ ቁመትህ ስንት ነው?» አሉኝ። ለእህታቸው ልጅ አስበውኝ ኖሯል። ዓይናቸው ከጫማዬ ተነሥቶ ጭንቅላቴ ጋ ለመድረስ ብዙም አልፈጀበትም። መልሴን እንኳ ሳይጠብቁ «በል እሺ፣ ቡናህን ጠጣ» አሉ። በረካውን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ቆይ፣ አምፖል ለመቀየር ካልሆነ ቁመት ምን ያደርጋል? ትንኞችን እዩ። ሐይቅ ዳር ሲመሽ እንደ ጢስ የሚትጎለጎሉትን፣ የማይናከሱትን ማለቴ ነው። ያ ጭፈራ የሠርግ ጭፈራ ነው። ወንዶቹ አየር ላይ ይርመሰመሳሉ፤ ሴቷ መሀላቸው ስትገባ ቀድሞ የያዛት አገባ። ታዲያ በአንዳንዱ ዝርያ የሚቀናው ትንሹ ነው! ሰውነቱ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይታጠፋል። ግዙፉ ዞሮ እስኪመጣ ነገሩ አልቋል። (መሬት ላይ በቀንድ የሚገፋፉት ጥንዚዛዎች ዘንድ የሚያሸንፈው ትልቁ ነው። ይህን ለእትዬ እንዳትነግሩብኝ።)

ድንጉላ ንብ ደግሞ አለላችሁ። መናደፊያ የለው፣ አበባ አይቀስም። ሀብቱ ዓይኑ ነው፤ አናቱ ላይ እስኪጋጠም ድረስ ትልቅ፣ ንግሥቲቱን ሰማይ ላይ የሚለይበት። እየበረረ ይደርስባታል፣ እየበረረ ይገናኛታል፣ ብልቱ ተበጥሶ ይቀርና ሞቶ ይወድቃል። እሷ ከ10 በላይ ድንጉላ አስተናግዳ ወደ ቀፎዋ ትመለሳለች። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይኸው ነው። ይህን ተረት በየሠርጉ እተርታለሁ። የሚጠራኝ የቀነሰውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሠርግ ስል ትዝ አለኝ። የአጎቴ ልጅ ሲያገባ ሚዜ ነበርኩ። ፎቶ አንሺው «አጭሩ ሚዜ ከፍ ይበል» ብሎ የለስላሳ ሳጥን ላይ አቆመኝ። ሳጥኑ አይታይም ብሎ ምሎልኝ ነበር። አልበሙ ሲመጣ ከነጠርሙሱ ወጥቷል። ይኸው 8 ዓመቱ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያ ገጽ ይገለጣል፣ ይሳቃል። ረጃጅሞቹን ሚዜዎች ከኋላ ማቆም ይቻል አልነበረም? ይህን የጠየቀ አንድ ሰው የለም። የሚስቁት እኔ ላይ እንጂ ሥራውን በማያውቀው ሰውዬ ላይ አይደለም። ሳጥኑን እንኳ ባዶውን ማምጣት አቅቶት!

ምን ነበር የጀመርኩት? አዎ፣ ትንኝ።

እትዬ፣ 1 ሜትር ከ63 ነኝ። በጫማ 66።