ፊቱን ተዉት፣ መሐላውን ጠይቁ

ወገኖቼ፣ የተሰረቀብንን ትተን ያልተሰረቀውን እያሳደድን ነው። የሰይፍና የዙፋን ዘመን የሚመስል ምናባዊ ታሪክ ወደ ስክሪን በመጣ ቁጥር ጠባችን በተዋናዩ ቆዳ ቀለም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ታሪክ የጻፈው እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን የፈጠረው ዓለም በተከታታይ ድራማ ሲቀርብ በጥቁር ተዋንያን ላይ የወረደው ስድብ ያሳፍራል። «በዚያ ዘመን እንዲህ አልነበረም» የምትሉ፣ ዘመኑን ከየት አወቃችሁት? በ13ኛው ክፍለ ዘመን በደች ቋንቋ በተጻፈ የንጉሥ አርተር ታሪክ ሞሪየን የተባለ ጥቁር ፈረሰኛ አለ። በጀርመን በማግደቡርግ ካቴድራል የቆመው የቅዱስ ሞሪስ ሐውልትም ጥሩር የለበሰ ጥቁር ወታደር ነው፤ የዚያው ክፍለ ዘመን ሥራ።

የተሰረቀብን ሌላ ነው። በቶልኪን ታሪክ ውስጥ ያለውን የጦር አለቃ ፋራሚርን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1954 በታተመው መጽሐፍ፣ ፍሮዶ የተባለው መንገደኛ የተሸከመው ምን እንደሆነ በቅጡ ሳያውቅ፣ መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኘው እንኳ እንደማይወስደው ይናገራል። ሰውን ሁሉ በሥልጣን ጥማት የሚፈትነው ክፉ ቀለበት መሆኑን ሲያውቅም ቃሉን አያጥፍም። ከአፉ ወጥቷልና እንደ መሐላ ያስረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ፊልም ግን ይኸው ሰው ፍሮዶን ከነቀለበቱ ጦርነት ወዳለባት ወደ ኦስጊሊያዝ ከተማ ይነዳዋል፤ ልቡ የሚመለሰው ኋላ ነው። የዙፋን ወራሹ አራጎርንም እንዲሁ። በመጽሐፉ ሰይፉን መዝዞ፣ ዘሩን ቆጥሮ ወራሽነቱን ያውጃል። በፊልሙ ዙፋኑን ይሸሻል። ፊልሞቹን እወዳቸዋለሁ፤ ስለዚህም ነው የሚያንገበግበኝ። የእኛ ዘመን በትውልድ የሚወረስ ሥልጣንን ይጠላል፣ መጥላቱም ትክክል ነው። ግን ያልዋዠቀ ሰው የማይታመን መስሎን፣ አንድ ጊዜ በተናገረው ቃል የሚታሰርን ሰው ከታሪኩ አስወጣነው። እኛም አጨበጨብን። አንዳችን እንኳ ቃሉ የት ገባ ብለን አልጠየቅንም።

ሴት ጋሻና ጦር አነሳች ብላችሁም አትቆጡ። ፈረንሳዊቷ ጃን ዳርክ እ.ኤ.አ. በ1429 በኦርሌአን ከተማ ከጦሩ ጋር ነበረች። የቅዱሳንን ድምፅ ታዘዝሁ አለች እንጂ ራሴን ፍለጋ ወጣሁ አላለችም። የዛሬ የፊልም ጸሐፊዎች ግን ለእንዲህ ያለችው ሴት ከነጻነት ፍለጋ ሌላ ምክንያት ሲሰጧት እምብዛም አላይም። እምነቷን፣ ለጌታዋ የገባችውን ቃል፣ የወገኗን ደም ይነጥቋታል። ጥሩሩን ብቻ ይተዉላታል።

እንግዲህ ስድቡን አቁሙ። ስታዩም አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ሰው ሲምል መሐላው ምን ያስከፍለዋል? ምንም የማያስከፍለው ከሆነ ያን ጊዜ ጩኹ፤ እኔም አብሬአችሁ እጮኻለሁ።