ይሄማ እኛም ጋ አለ

"ይሄማ እኛም ጋ አለ!" አሉ ጋሼ፣ አውቶብሱ ገና ሳይቆም።

ስቶንሄንጅን፣ የእንግሊዞቹን ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ ነው። ጋሼ የባለቤቴ አጎት ናቸው። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ለንደን መጥተው ቤት መቀመጥ ሰለቻቸው። እኔም በፈረንጆች ገና ዕለት የጉብኝት አውቶብስ ቲኬት ቆረጥኩ። በዚያ ቀን ለንደን ውስጥ ባቡር የለም። አውቶብሱ ግን ይሄዳል። ወዴት? ወደ ተዘጉ ቦታዎች። ድንጋዮቹን ያየናቸው ከአጥር ውጭ ቆመን፣ ካፊያ እየመታን ነው።

"ይሄ ሰውዬ ጥያን አያውቅም እንዴ?" አስጎብኚውን በአገጫቸው እያመለከቱ።

"እርስዎ ጥያ ሄደው ያውቃሉ?"

"ባልሄድስ? አለ አይደል!"

ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። ሰባ ዓመት ሙሉ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ይህን ተረት ስወደው! አያቴ፣ "ውጭ አገር ወንድም አለኝ" እያለ ብድር ለሚጠይቃት ጎረቤት ሁልጊዜ ትተርትበት ነበር። ላሚቱ የለችም ያለ የለም። ማን አለባት ነው ጥያቄው። (እኔም ጥያን አላየሁም። ግን አላወራም።)

አስጎብኚው ትልልቆቹ ድንጋዮች በአማካይ 25 ቶን ይመዝናሉ ሲል ተረጎምኩላቸው።

"የአክሱሙ ከ500 ቶን ያልፋል።"

"እሱኮ ወድቋል ጋሼ።"

"ወድቆም ይበልጣል።"

በዚሁ አመላቸው እናቴን አስቀይመዋታል። በቅልቅላችን ዕለት ዶሮ ወጥ አቀረበች። ቀመሱና፣ "ጥሩ ነው፣ የእህቴ ግን ይበልጣል" አሉ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ያደረ ወጥ! እናቴ እስከ ዛሬ ስማቸውን አትጠራም። "ያ ቀማሹ ደህና ነው?" ትለኛለች በስልክ።

መንገድ ላይ አስጎብኚው ሚንስ ፓይ የሚሉትን የገና ጣፋጭ አደለ። ታኅሣሥ 16፣ የገና ጾም ነው። ጋሼ ቅቤ እንዳለበት በእኔ አስጠየቁ። አለበት። የእሳቸውንም የእኔንም ለኋላ ወንበር ልጆች ሰጡብኝ።

ባዝ ደረስን። የሮማውያን መታጠቢያ፣ 46 ዲግሪ ፍል ውሃ። እሱም ዝግ።

"ፍልውሃ!" አሉ።

እዚህ ላይ እውነታቸውን ነው። ፍልውሃ ገብተን እንታጠባለን፤ የሮማውያኑን ግን ክፍት ቢሆንም ከማየት በቀር አትታጠብበትም። ማመኔ ይበልጥ አናደደኝ። ጃንሆይም በስደታቸው ጊዜ እዚህ ከተማ ኖረዋል ብዬ ስነግራቸው ደግሞ ከተማዋን ጠቅልለው ወሰዷት።

ዊንድሰር፣ የነገሥታቱ ግንብ ስንደርስ ጨልሟል። አስጎብኚው ስለ ንግሥቶቹ አወራ፣ ስለ ግንቡ አወራ። ጠበቅኩ። ስለ አፄ ቴዎድሮስ ልጅ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ትንፍሽ አላለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ሲወስዱት የ7 ዓመት ልጅ ነበር። በ1879፣ በ18 ዓመቱ ሞቶ እዚሁ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። መታሰቢያው ላይ "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል" የሚል ጥቅስ አለ። እንግዳ! አባቱ የሞተበትን ልጅ መርከብ ላይ ጭኖ እንግዳ ማለት ምን ይሉታል? በ2023 ዐፅሙ ይመለስ ሲባል፣ ቤተ መንግሥቱ በአካባቢው ያረፉትን ሌሎች ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም አለ። ለሙታን እንዲህ የሚጨነቁት ሰዎች መቅደላ ላይ የት ነበሩ?

ደሜ ፈላ። ዞር ብዬ ጋሼን ፈለግኩ። ያቺን አባባላቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈለግኳት። ወንበራቸው ላይ አንገታቸው ወድቆ ያንኮራፋሉ።

ለንደን ልንገባ ስንል ነቁ።

"ግንቡ እንዴት ነበር?"

"ዝግ ነበር።"

"የፋሲል ይበልጣል" ብለው ተመልሰው ተኙ።