የዋሂል ገበሬ ስንት ሰው ነው?

ሰሞኑን እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ስለ ምርጫ የሚመክር አንድ መድረክ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ፣ ስማቸውን ማንሳት አያስፈልግም፣ የገጠሩ ድምፅ ሽማግሌ ባለው መንገድ የሚሄድ ስለሆነ የመራጮች ትምህርቱ ከተማው ላይ ቢያተኩር ይሻላል አሉ። አዳራሹ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። እኔ ደሜ ፈላ።

ሽማግሌ ሰምቶ መምረጥ ነውር ከሆነ እስቲ ከከተማው እንጀምር። ሳቢያን ዕድሩ ተሰብስቦ፣ መጋላ አፎቻው (የሐረሪዎቹ ዕድር) ተቀምጦ፣ ታይዋን ነጋዴው በርጫ ላይ ተመካክሮ «እገሌ ይሻለናል» ሲል ንቁ ዜጋ ይባላል። የገጠሩ ጎሳ፣ ጉርጉራው፣ ኖሌው፣ ኢሳው፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ያንኑ ሲያደርግ ግን መንጋ ሆነ! የጎሳ ጫና የለም አልልም፤ አለ። ከተማው ከዚያ ነፃ ነው የሚለኝን ሰው ግን በምርጫ ሰሞን ከአሸዋ እስከ ለገሃሬ በእግሬ ይዤው ልዞር እችላለሁ።

ሰኔ 14 ቀን 2013፣ የምርጫው ዕለት፣ ሥራ ይዞኝ በድሬ ገጠር ቢዮ አዋሌ በኩል ነበርኩ። ማሽላው ገና ጉልበት አልደረሰም። ፀሐይዋ ሳትበረታ ሰልፉ ከጣቢያው አልፎ ቁልቋሉ ጋ ደርሷል። ፊት ለፊት የቆመችው ሴትዮ የወተት ጀሪካኗን እግሯ ሥር አድርጋ ነው የምትጠብቀው፤ ከተማ ገበያ ሳይረፍድባት መውረድ አለባት። ተራዋ ሲደርስ ሁለት ወረቀት ሰጧት። በኦሮምኛ የሁለቱን ልዩነት ጠየቀች። አስፈጻሚው ልጅ አንደኛው አዲስ አበባ ለሚሄደው፣ ሌላኛው እዚህ ለሚቀረው ነው አላት። «የሚሄደው ይመለሳል?» አለችው። ልጁ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ይህቺ ሴት ናት እንግዲህ ትምህርት ቢሰጣትም ባይሰጣትም ለውጥ የላትም የተባለችው።

ጥያቄዋ ደግሞ ቁጥር አለው። ድሬዳዋ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያላት ሁለት ወንበር ነው። የመጨረሻው ቆጠራ፣ የ1999ኙ ማለቴ ነው፣ አስተዳደሩ ውስጥ 341,834 ሰው አገኘ። ለሁለት ሲካፈል አንድ ተወካይ የሚሸከመው 171 ሺህ ሰው ገደማ ነው። በዚያው ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 183,415 ነበር፤ እዚያም ሁለት ወንበር፤ ለአንዱ 92 ሺህ አይሞላም። የሐረር ወንድሞቼ አትቆጡ፣ ከእናንተ ይቀነስ አላልኩም። ግን አንድ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ የመኪና መንገድ ውስጥ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ስገባ ድምፄ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፣ ስወርድ መልሶ ይከሳል። የመላው አገሪቱ ሕዝብም ለምክር ቤቱ 547 ወንበር ቢካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 135 ሺህ ገደማ ነው። ድሬ ከዚያም በላይ ተጭናለች።

ገጠሩ ብቻውን ደግሞ በዚያ ቆጠራ 108,610 ሰው ነበር። አሰሊሶ፣ ቢዮ አዋሌ፣ ጀልዴሳ፣ ዋሂል፣ ሁሉም ተደምሮ ማለት ነው። ይህ ሕዝብ ሐረር ቢወለድ ኖሮ አንድ ወንበር ሞልቶ ይተርፈው ነበር። እዚህ ግን ሁለቱ ወንበሮች ለእኩል ከተከፈሉ ገጠሩ ብቻውን አንዱን አይሞላም፤ የግድ ከከተማው ጋር ይደመራል። ከተማው በዚያ ቆጠራ 233 ሺህ ነው። የማን ጉዳይ ቀድሞ እንደሚሰማ ለማወቅ ነቢይ መሆን አይጠይቅም። ስለ አስፋልት፣ ስለ ኮንዶሚኒየም፣ ስለ ነፃ የንግድ ቀጣና ይወራል፤ ስለ ዋሂል ውሃ ጉድጓድ ማን ያወራል? በ1998 ደቻቱ ሞልቶ ሰው ሲወስድ አገር ሁሉ አለቀሰ፣ ተገቢም ነው። ያ ጎርፍ የወረደበትን ተራራ የሚያርሰው ሰው ግን የሚታወሰው ዛፍ ቆረጠ ተብሎ ሲወቀስ ብቻ ነው። በ2013 ከክልላቸው ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለክልሉ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ 14 መቀመጫዎች እንዲመርጡ ክርክሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ሄደ፤ ይሁን። ለጀልዴሳ ከብት አርቢ ፍርድ ቤት የቆመለት ጠበቃ ካለ አሳዩኝ።

ደግሞስ ሽማግሌው ምን አዝዞ ያውቃል? የአስተዳደሩ ምክር ቤት 189 ወንበር እንዴት ይደለደል እንደነበር ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ከመቶ 40 ለኦሮሞው፣ 40 ለሶማሌው፣ 20 ለሌላው። ይህን ቀመር የዋሂል ሽማግሌ አልቀመረውም። ፓርቲዎች ከተማ ውስጥ ተቀምጠው የተስማሙበት ነው። በ2011 ጥምቀት ሰሞን ወጣቱ አደባባይ የወጣበት አንዱ ምክንያትም ይህ ቀመር ይቅር ብሎ ነው። ገበሬው ሰልፍ ሳይዝ ወንበሩ ተከፋፍሎ ያደረ ምርጫ ላይ ተሰልፎ ሲያበቃ «በትእዛዝ መረጥክ» ይባላል። አቦ፣ ሼም ነው!

የቆየ ነገርም ነው። በ1949 የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ሲደረግ ፓርቲ የለም፤ እጩ ለመሆን ደግሞ የመሬት ወይም የንብረት ባለቤት መሆን ግድ ነበር። ጭሰኛው መምረጥ እንጂ መመረጥ አልተፈቀደለትም። በ1979 ደርግ 835 መቀመጫ ያለው ሸንጎ አምጥቶ እጩውንም እሱው ሰጠን። ሦስት መንግሥት አለፈ፤ ለገበሬው በየጊዜው የቀረበለት ሌላ ሰው ያበሰለው ነው። አልጣፈጠውም ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ ግድየለሽ ነው እንለዋለን።

ተናጋሪው ለትምህርቱ ገንዘብ ያንሳል ብለው ቢሆን ኖሮ እንኳ እሰማቸው ነበር። ገጠሩ በእርግጥ ርቀት አለው፣ መንገዱም መኪና ይሰብራል። እሳቸው ግን የገንዘብን እጥረት የሰው እጥረት አድርገው ነው ያቀረቡት።

ቀጣዩን መድረክ ዋሂል ያድርጉት። ሽማግሌዎቹም ይኖራሉ፣ ያቺ ባለ ጀሪካን ሴትዮም ከቢዮ አዋሌ ትምጣ፤ የሚሄደው ይመለስ እንደሆነ እሳቸው ይመልሱላት። የመኪናውን ኪራይ እኔ እችላለሁ። የሚጠጡትን ውሃ ግን ከከዚራ ይዘው ይምጡ።