ውስጡን ለቄስም ለሼኽም

ሌላ አገር ጫማ የሚታየው እግር ላይ ነው። ሐረር ግን ጫማ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይታያል። ጀጎል ውስጥ ባለቤቱ ነደባ ላይ፣ የሐረሪ ቤት መቀመጫ መደብ ላይ፣ ተደላድሎ በዓለም ፖለቲካ ላይ ሲፈርድ፣ ጫማው ደጅ ሆኖ አፉን ከፍቶ በባለቤቱ ላይ ይመሰክራል። የጫት በርጫ ከሆነማ ምስክርነቱ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ እስከ ማታ ይዘልቃል። የገባ የወጣው ሁሉ ቁልቁል ያየዋል።

ቁልቁል ሲታይ ደግሞ ጎልቶ የሚወጣው የተወለወለው ቆዳ አይደለም፤ ውስጡ ነው። ተረከዝ የበላው፣ ጠርዙ የተጠቀለለው፣ የአምስት ጣት አሻራ እንደ መታወቂያ የታተመበት የውስጥ ሶል። «ውስጡን ለቄስ» የሚባለው እዚህ አይሠራም፤ በር ላይ ውስጡ ለቄስም ለሼኽም እኩል ይታያል። አሮጌ ጫማ ማደስ ያማረው ሰው እንግዲህ ከውስጥ ይጀምር።

ለውስጥ ሶሉ መሸፈኛ ጨርቅ ለማግኘት መኪና ግርግር መሄድ ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ጫጫታ ነው፤ ሰፊዎቹ እግር ሥር ቁርጥራጭ አይጠፋም። ለአንድ ጥንድ 30 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይበቃሉ። ሰፊውን ስትጠይቁ «አንተ» በሉት፤ «እርስዎ» ያላችሁት እንደሆን ከሩቅ መምጣታችሁ ይገባውና ትራፊውንም ያስከፍላችኋል። ምረጡ ቢሏችሁ ጥጥ ምረጡ፣ ላብ ይጠጣል። ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈ የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ደጅ ላይ ያምራል እንጂ እግር ያንሸራትታል፤ ጠርዙም ቶሎ ይተረተራል።

አሮጌውን የውስጥ ሶል ከተረከዙ በኩል ቀስ ብሎ መላጥ፣ ካርቶን ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእስክሪብቶ መሳል። ለሁለተኛው እግር ያንኑ ገልብጦ መሳል ያስፈልጋል። ይህን የረሳ ሁለት ግራ እግር ይቆርጥና ጥፋቱን በመቀስ ያሳብባል። ካርቶኑ ላይ ስፖንጅ ለመጨመር ያሰበ ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ ከዚያ ከወፈረ የጫማውን ጥልቀት ይበላና በየእርምጃው ተረከዝ ይወጣል። ጨርቁ ከካርቶኑ በዙሪያው 1 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። በጣትና በተረከዝ ኩርባ ላይ ትርፉን በመቀስ በየሴንቲ ሜትሩ ነከስ ነከስ አድርጎ ወደ ሥር ማጠፍ ነው። ሳይነከስ የታጠፈ ጨርቅ ይጨማደድና ትንሿን ጣት ሲልጥ ይውላል። ማስቲሹ የሚቀባው ከሥር፣ እጥፋቱ ላይ ብቻ ነው፤ ከላይ ከነካ ስስ ጨርቅ ላይ ቢጫ ሆኖ ይወጣል።

ማስቲሽ ላይ ሁላችንም ጥፋተኞች ነን። በሁለቱም ገጽ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ጣት ሲነካው የማይጣበቅ ሲሆን ገጥሞ በደንብ መጫን፤ ሥራው ይኸው ነው። እርጥቡን ከገጠሙት ውስጡ የቀረው ፈሳሽ መውጫ ያጣና ሳይጠነክር ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ መንገድ ላይ ቆሞ ሰላምታ የሚለዋወጥ ሕዝብ፣ ለማስቲሽ ሲሆን 10 ደቂቃ ያጣል።

አፉን የከፈተ የውጭ ሶልም ሕጉ ይኸው ነው፤ ቀድሞ ግን አሮጌውን ሙጫ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አቧራውን መጥረግ ይገባል። ከተገጠመ በኋላ በመዶሻ ጠቅ ጠቅ አድርጎ በላስቲክ ጠፍንጎ አንድ ቀን ማሳደር። ሶሉ እንደ ዳቦ የሚፈረፈር ከሆነ ግን ማስቲሹን አታባክኑ። አንዳንዱ የስፖንጅ ሶል ሳይለበስም የአየር እርጥበት ከውስጥ ይበላዋል። «ለበዓል» ተብሎ ካርቶን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጫማ በበዓሉ ቀን አደባባይ ላይ የሚበተነው በዚህ ምክንያት ነው። መሰሰት ገደለው።

ወደ ላዩ እንምጣ፤ እሱ ቀላል ነው። ሸራ ጫማ ታጥቦ፣ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ጥላ ላይ ይደርቃል። ድሬዳዋ ያላችሁ ዘመዶቻችን በተለይ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያላላና ሶሉና ጫማው ይፋታሉ። የሶሉን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኖ የአክሪሊክ ቀለም ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጎ መቀባት ነው፤ በመሐል 30 ደቂቃ ይጠበቃል። የቀለም ምርጫ ለቸገረው የጀጎል ግድግዳዎች አሉለት፤ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። በአንድ ጊዜ ወፍራም የቀባ ሰው ግን ጣት በሚታጠፍበት ላይ በመጀመሪያው ቀን ስንጥቅ ያገኛል። ቆዳ ከሆነ ለዓመታት ሊስትሮ የደራረበበትን ሰምና ቀለም መጀመሪያ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጥረጉለት፣ መስኮት ከፍታችሁ። ሰም ላይ የተቀባ ቀለም እንደ እባብ ቆዳ ይገፈፋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጎረቤት ነው። «አቦ፣ በስንት ገዛሽው?» ይመጣል። «አሮጌዬ ነው፣ ታድሶ» ካላችሁ ዓይናቸው ጎንበስ ብሎ የማስቲሽ ጠብታ ፍለጋ ይገባል። «ከድሬ፣ ከታይዋን ገበያ» ካላችሁ ደግሞ ማንም አይመረምርም፤ «ተወደደብሽ» ብለው ብቻ ያልፋሉ።

ያማረ ጫማ ደጅ ላይ ሌላም መዘዝ አለው፤ ቀድሞ የሚወጣ እንግዳ እግሩ ይሳሳታል። የሚገርመው ማንም ተሳስቶ የባሰውን ለብሶ ሄዶ አለማወቁ ነው። ለምልክት የውስጥ ሶሉ ተረከዝ ላይ በቀይ ክር ሁለት ስፌት ጣል አድርጉ፤ ክርክር ሲነሳ ይጠቅማል። ወጥታችሁ ያልታደሰ ጫማ ብቻ ተርፎ ብታገኙ ግን ከመጮኻችሁ በፊት ቁጥሩን እዩ። ልካችሁ ከሆነ፣ ያ ካርቶን ላይ የሳላችሁት ቅርጽ አሁንም ይሠራል።