የአዳማ እድሮች ከሬሳ ሳጥን ቤቶች ጋር አስቀድመው ይዋዋሉ

በአዳማ የሬሳ ሳጥን የሚገዛው ብዙውን ጊዜ በሌሊት፣ በጥድፊያ፣ ለመከራከር አቅም ባጣ ዘመድ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ደላላ ይቀበለዋል። ሱቁ ፊት ለፊት የተደረደረው መስታወትና ከፋይ ያለበት ሳጥን ነው፤ ርካሹ ጓሮ ተቀምጧል። ከቀብር በኋላ «በሐዘናችን ነገዱብን» የሚል ቅሬታ ይከተላል፤ ቅሬታውም ብዙ ጊዜ እውነት አለው። ሱቆቹን መራገም ግን አይጠቅምም። ብዙዎቹ አባት ከልጆቹ ጋር የሚሠራባቸው፣ ሌሊት ተራ ገብተው የሚያድሩባቸው የቤተሰብ ሱቆች ናቸው፤ ያለ እነሱም አንውልም። ጥፋቱ ያለው ግዢው በሚፈጸምበት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እድር ከአንድ ወይም ከሁለት ሱቅ ጋር ዋጋውን፣ እንጨቱን፣ አለካኩንና መኪናውን በጽሑፍ አስቀድሞ ይዋዋል።

«ሰው ሳይሞት ስለ ሳጥን መነጋገር ሟርት ነው» የሚሉ አሉ። እድር እኮ ራሱ ሰው ሳይሞት ስለ ሞት መነጋገር ነው። ድንኳኑ ተገዝቶ ተቀምጧል፤ ወንበሩና ድስቱ ተቆጥሮ በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ስም ተመዝግቧል። ሳጥኑ ላይ ስንደርስ የምንሸማቀቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ውሉ ውስጥ መግባት ያለበት የመጀመሪያው ነገር አሠራሩ ነው። ሐዘንተኛ የሚያየው ጨርቁንና ቨርኒሹን ነው፤ ሸክሙ ያለው ግን ወለሉና እጀታው ላይ ነው። ርካሽ ሳጥን ላይ ወለሉ ከታች በሚስማር ይመታል፤ ሬሳው ሲገባበት ክብደቱ ሚስማሩን ቁልቁል ይስበዋል። ደህና ባለሙያ ወለሉን በጎኖቹ መካከል አስገብቶ፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት አግዳሚ ዱላ አሳርፎ፣ ከጎን በኮላና በቪቴ ያስረዋል። ቺፕውድ፣ ማለትም ከእንጨት ፍርፋሪ በኮላ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ፣ ለክዳን ይሆን ይሆናል እንጂ ለወለል አይሆንም፤ ጠርዙ ቪቴ አይይዝም፣ እርጥበት ሲነካው ደግሞ ያብጥና ይፈረፈራል። እጀታውም በአጭር ቪቴ ሳይሆን አልፎ በሚወጣ ብሎን፣ ከውስጥ በሮንዴላና በዳዶ ይታሰር። በየጎኑ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት እጀታ ያስፈልጋል። ከውስጥ ከጨርቁ ሥር ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍና 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ሰጋቱራ ይደረግበታል። ፈሳሽ ቢወጣ ሰጋቱራው ይመጠዋል፤ ያለዚያ ተሸካሚው ትከሻ ላይ ይንጠባጠባል።

ሁለተኛው ልክ ነው። ሱቁ «ቁመቱ ስንት ነው?» ሲል ዘመድ «እኔን ያክላል» ብሎ ይመልሳል፤ ሳጥኑም በዚያው ይመረጣል። የተጋደመ አስከሬን ግን እግሩ ወደ ታች ስለሚዘረጋ ሰውየው ቆሞ ከነበረው ቁመት በብዙ ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ግንዘቱ ደግሞ ይጨመርበታል። 1.75 ሜትር ለነበረ ሰው የሳጥኑ ውስጥ 1.90 ቢሆን ይመረጣል። ስፋቱም የሚለካው ትከሻ ላይ ብቻ አይደለም፤ እጅ ከጎን ሲያርፍ ሰፊው ቦታ ክርን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሱቁ ሰው ራሱ ሄዶ በሜትር ወይም በሲባጎ ይለካ። የሳጥኑን የውጭ ልክ ከነእጀታው ደግሞ በዚያው ሰዓት ለመቃብር ቆፋሪዎች ይደውል። ቆፋሪ «ትልቅ ሰው ነው» ተብሎ ብቻ ሲነገረው በልማድ ይቆፍራል። እጀታው በየጎኑ 5 ሴንቲ ያህል ወጥቶ፣ የማውረጃው ገመድም ቦታ ፈልጎ፣ ሳጥኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀረቀራል። ፍትሐቱ አልቆ፣ ልጆቹ ቆመው እያዩ፣ በአካፋ ጠርዙን መጥረብ ይጀመራል። በየጎኑ 10 ሴንቲ ትርፍ ተነግሮ ቢሆን ይህ አይደርስም ነበር።

ለሙስሊም ቤተሰብ የሚቀበርበት ሳጥን አያስፈልግም፤ ከፈኑ ለወንድ ሦስት፣ ለሴት አምስት ጨርቅ ነው። የመኪናው ውል ግን ለሁሉም ይሠራል።

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ አሰላና ባሌ፣ ወደ አዋሽና ድሬዳዋ፣ ወደ አዲስ አበባ አስከሬን የሚሸኘው ከዚህ ነው። ከተማዋ ሞቃት ናት፤ በሚያዝያና በግንቦት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ያልፋል። ሬሳ ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከመንጋጋ ጀምሮ መድረቅ ይጀምራል፣ በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ሱቁ ሲደወልለት ቀድሞ ሊናገር የሚገባው ይህን ነው፦ ዓይኑን ክደኑ፣ አገጩን በንጹሕ ጨርቅ እሰሩ፣ እጅና እግሩን አቅኑ፣ ቀለበት ካለ አውጡ። መበስበስ ከሆድ ስለሚጀምር በረዶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሆድና ደረት ላይ ይቀመጣል፤ ከሥር ከሆነ ቀልጦ ወለሉን ያረጥባል። ሩቅ አገር የሚሄድ ከሆነ ሬሳው እንዳይበሰብስ የሚደረገው የፎርማሊን ሥራ ሆስፒታል ውስጥ በሠለጠነ ሰው ይሠራ፤ ሱቅ ውስጥ በሲሪንጅ የሚሞከር ነገር አይደለም። ሳጥኑን ሚኒባስ ጣራ ላይ መጫንም መቅረት አለበት፤ ፀሐዩ ከላይ ይጋግረዋል፣ ንዝረቱም የክዳኑን ቪቴ ያላላዋል። የሆስፒታሉ የሞት ማስረጃ፣ አደጋ ከሆነ ደግሞ የፖሊስ ደብዳቤው፣ ዋናው ቅጂ ሾፌሩ አጠገብ በሚቀመጠው ዘመድ እጅ ይሁን። ሳጥን ከኋላ ጭኖ ኬላ ላይ ወረቀት መፈለግ ጭካኔ ነው።

ሱቁ ውስጥ ስለሚሠሩት ልጆች ማንም አያነሳም። ጠዋት መጋዝ የያዘው ልጅ ማታ ሬሳ ያነሳል፣ አንዳንዴም በባዶ እጁ። በደምና በሰውነት ፈሳሽ ለሚተላለፈው የጉበት በሽታ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት አለ። እድሩ ጓንትና ክትባትን በውሉ ቢጠይቅ ባለ ሱቁ እሺ የሚልበት ምክንያት ያገኛል፤ ወጪውን ለብቻው ተሸክሞ ከጎረቤቱ ሱቅ ጋር በዋጋ መወዳደር ይከብደዋልና።

ዋጋን በተመለከተ ሦስት ደረጃ ሳጥን በቂ ነው፤ ማድረሻው ተጨምሮበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የጣውላ ዋጋ ስለሚዋዥቅ በየስድስት ወሩ ይከለስ፤ ለአንድ ዓመት ከታሰረ ሱቁ ኪሳራውን ከወለሉ ውፍረት ላይ ይቀንሰዋል። እድሩም ገንዘቡን ለሐዘንተኛው ከመስጠት በቀጥታ ለሱቁ ቢከፍል ደላላው መግቢያ ያጣል። ደረሰኙ ላይ የሟቹ ሙሉ ስምና ቀኑ ይጻፍ፤ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ ሱቁ ይህንንም ለቤተሰቡ ያስታውስ። ያለ ሞት ምስክር ወረቀት የወራሽነትም የባንክም ጉዳይ አይንቀሳቀስም።

ከመፈረም በፊት የእድሩ ኮሚቴ ሱቁ ድረስ ሄዶ አንድ ሳጥን ገልብጦ ወለሉን ይይ። ከዚያ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም 100 ኪሎ፣ አስገብቶ ስድስት ሰው በእጀታው ያንሳው። የሚጮኽ ወይም የሚለቅ ነገር ካለ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይሂድ።